የአሮጌው ዶላር ዋጋ ከወዴት ይመነጫል?

ዋጋ በነገሩ ውስጥ ያለ ባሕርይ ነው ወይስ ሰዎች እርስ በርስ ባላቸው ግንኙነት የሚፈጠር? ይህ ጥያቄ ፈላስፎችንና የኢኮኖሚ ሊቃውንትን ለዘመናት ሲያከራክር ኖሯል። አማርኛ በበኩሉ ማዕድኑንም ገንዘቡንም «ብር» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ማዕድኑና ገንዘቡ አንድ አይደሉም፤ ሰብሳቢ ለአሮጌ ገንዘብ የሚሰጠው ግምት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ይህን ለመረዳት ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በአሜሪካ የተቀረጸን አንድ የብር መሐለቅ መመርመር ይበቃል።

ሰብሳቢዎች «ሞርጋን ዶላር» የሚሉት ይህ መሐለቅ ስሙን ያገኘው ከቀራጩ ከጆርጅ ሞርጋን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ተቀርጿል። ክብደቱ 26.73 ግራም ሲሆን፣ ከመቶው 90 እጁ ብር፣ 10 እጁ መዳብ ነው። በአንድ ፊቱ የነጻነት ምሳሌ የሆነች ሴት፣ በሌላው ፊቱ ክንፉን የዘረጋ ንስር ይታይበታል። ለሴቲቱ ገጽ አርአያ የሆነችው አና ዊሊያምስ የተባለች የፊላዴልፊያ ወጣት ነበረች፤ ኋላም በመምህርነት አገልግላለች።

መሐለቁ የተወለደው ከጥቅም ግጭት ነው። በኔቫዳ ከሚገኘው ከኮምስቶክ ማዕድንና ከሌሎችም ሥፍራዎች የሚወጣው ብር ገበያውን ሲያጥለቀልቀውና ዋጋው ሲወድቅ፣ የማዕድን ባለቤቶች አስተማማኝ ገዢ ፈለጉ፤ በዕዳ የተያዙ ገበሬዎች ደግሞ በአገሪቱ የሚዘዋወረው ገንዘብ እንዲበዛ ጠየቁ። በ1878 የወጣው የብላንድ አሊሰን ሕግ፣ ግምጃ ቤቱ በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ መሐለቅ እንዲያስቀርጽ አስገደደው። የተቀረጸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቢሆንም፣ አብዛኛው ከሕዝብ እጅ ሳይገባ በከረጢት ታሽጎ በግምጃ ቤት ተከማቸ። በ1890ዎቹ አጋማሽ በአንዱ ዶላር ውስጥ ያለው ብር በገበያ ከግማሽ ዶላር ብዙም አያወጣም ነበር። የጎደለውን ግማሽ የሞላው የመንግሥት ማኅተምና ሕዝብ በማኅተሙ ላይ የጣለው እምነት ነው። የማዕድን ዋጋና የገንዘብ ዋጋ ለየቅል መሆናቸው እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ሦስተኛው ዋጋ፣ የሰብሳቢው ግምት፣ የሚመነጨው ግን ከሌላ ምንጭ ነው። በ1918 በወጣው የፒትማን ሕግ መሠረት ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮች ወደ ማቅለጫ ገቡ። የየትኛው ዓመት መሐለቅ ምን ያህል እንደቀለጠ የሚገልጽ መዝገብ አልተያዘም። በ1903 በኒው ኦርሊንስ ከተማ 4,450,000 ዶላር ተቀርጾ ነበር፤ ነገር ግን ከእነዚህ መሐለቆች አንዱን ማየት የቻለ ሰብሳቢ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል እንደቀለጡ ታመነ። ስለዚህ ያልተነካካው አንዱ መሐለቅ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይገመት ጀመር። በ1962 መገባደጃ ግን ግምጃ ቤቱ ለስድሳ ዓመት ያህል ታሽገው የኖሩ ከረጢቶችን ሲከፍት፣ ጠፋ የተባለው መሐለቅ እንደ እህል ተዘረገፈ። ዋጋውም ወዲያው አሽቆለቆለ።

ለመሆኑ በዚያች ቀን የተለወጠው ምንድን ነው? ብሩ አልቀነሰም። የቀራጩ ጥበብ አልደበዘዘም። ማዕድኑን ያወጣው ሠራተኛ ላብም አልተሰረዘም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌሎችም እንዳላቸው መታወቁ። እንግዲህ ከሺህ ዶላሩ ውስጥ አብዛኛው የመሐለቁ ዋጋ ሳይሆን የሌሎች ማጣት ዋጋ ነበር ማለት ነው።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መሐለቁን ለውበቱና ለታሪኩ የወደደ ሰው፣ እሳት በላው ያለው ቅርስ በብዛት መትረፉን ሲሰማ ሊደሰት ይገባዋል። በዜናው ያዘነ ሰው ግን፣ ሀብቴ ብሎ የያዘው የሌላውን ባዶ እጅ እንደነበር ሳያውቀው ይመሰክራል። እርግጥ ነው፣ ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። የዓመታት ቁጠባውን በአንድ መሐለቅ ላይ ያዋለ ሰው የደረሰበት ኪሣራ እውነተኛ ነው፤ ሐዘኑም በስስት ብቻ የሚተረጎም አይደለም። ከዚህም በላይ የሰብሳቢ ዋጋ ራሱ ቅርስን ከጥፋት ያድናል። በጥር 1980 የአንድ ወቄት ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው አሮጌ መሐለቅና የብር ዕቃ ወደ ማቅለጫ ተጋዘ፤ ከእሳቱ የዳነው በአብዛኛው የሰብሳቢ ግምቱ ከማዕድኑ ዋጋ የበለጠው ነው። ስለዚህ ዋጋን ፈጽሞ ማውገዝ አይገባም። ዋጋ መልካም ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው የቤቱ ጌታ ሲሆን ግን ቤቱ ይፈርሳል።

የሰብሳቢነት ልማድ ራሱ ለዚህ ማስረጃ ይሰጣል። ነገሩን የሚያውቅ ሰብሳቢ አሮጌ መሐለቅን አይወለውልም፤ የተወለወለ መሐለቅ ቢያብረቀርቅም ግምቱ ይወድቃል። ለምን ቢባል፣ ዘመን በላዩ የጻፈው ተፍቋልና። የሚከበረው እንግዲህ ብልጭታው ሳይሆን ምስክርነቱ ነው። ምስክርነቱም የማን ነው? በኮምስቶክ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ በሚያቃጥል ሙቀት፣ በማኅበር ታግሎ ባስከበረው የ4 ዶላር የቀን ደመወዝ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለው ሠራተኛ፣ በዕዳ የተያዘው ገበሬና የመቅረጫውን መኪና ያንቀሳቀሰው ባለሙያ ነው።

ይህን ምስክርነት የሚያነብ ሰብሳቢ የሕዝብ ታሪክ አደራ ጠባቂ ነው፤ የማያነበው ግን ብር ቆልፎ የተቀመጠ ባለ ሣጥን ብቻ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ረጅም ምርመራ አያሻም። ነገ ሌላ የታሸገ ከረጢት ቢከፈትና እርሱ የያዘው መሐለቅ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መዘክሩ ቢገኝ፣ ፊቱ ይፈካ ወይም ይጠቁር እንደሆነ መመልከት ይበቃል።