ደህና ነኝ ስንል ማን ይከፍልበታል?

እህቶቼ፣ እኔ ቤይሩት ሰባት ዓመት የሠራሁት ያለ ምንም ሥልጠና ነው። በደላላ መጣሁ፣ ሥራውን ማዳም እየጮኸችብኝ ለመድኩት። ዘንድሮ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሳገኝ ማኅበራችን “አዲስ አበባ የአራት ቀን ሥልጠና አለ፣ ተካፍለሽ ነይና ለኛም ትነግሪናለሽ” አለኝ። ይኸው ቃሌን ልፈጽም ነው የምጽፈው። ግን ከሥልጠናው ይልቅ የከበደኝ ፈተና የቆየኝ እናቴ ቤት ነበር።

ሥልጠናው ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሱ ልጆችን ለምናነጋግር ሴቶች የተዘጋጀ ነው። ከሳውዲ፣ ከኩዌት፣ ከዮርዳኖስ የተመለሱ ነበሩ። ስለ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ተማርን። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ የቤት ሠራተኛ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት እንዲኖራት፣ ፓስፖርቷም በራሷ እጅ እንዲሆን ይላል። ደሞ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ እንደተወን ሰማሁ። ይሄን ስሰማ ዝም አልኩ። ፓስፖርቴ የተቆለፈበት፣ እሁድን ሳላውቅ የኖርኩት፣ ዕድለ ቢስ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ሳልወለድ የተጻፈ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሁለት ሁለት ሆነን ተለማመድን። አንዷ ተጓዥ ትሆናለች፣ ሌላዋ እውነቱን ትነግራታለች። እኔ ሳልደብቅ ሁሉንም ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ማታ ማታ የማድረው ቤይሩት አብራኝ ከነበረች ጓደኛዬ ቤት ነበር። በ2012 ኑሮው ሲከፋ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው መንገድ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ እሷም አንዷ ነበረች። አሁን እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ምጣዷ ሥር ቁጭ ብለን ስናወራ እንዲህ አለችኝ፦ “ስመለስ ሰው ሁሉ ‘ምን ይዘሽ መጣሽ?’ ነው ያለኝ። ‘ምን ሆነሽ መጣሽ?’ ያለኝ አንድ ሰው የለም።”

ከዚያ ወደ ሐይቅ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ትንሽ አለፍ ብሎ። እናቴ አርጅታለች፤ በስልክ ግን ድምፇ አላረጀም ነበር። ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ገና አቦሉ ሳይጠጣ “እንዴት ነው አገሩ?” አሉኝ።

እኔም “ተመስገን፣ ተመችቶኛል። ማዳም እንደ ልጇ ነው የምታየኝ” አልኩ።

ተጨብጭቦልኝ ገና ሦስት ቀኔ ነው! ግን እናቴን አየኋት። ከላይ በኔ ገንዘብ የተመታው ቆርቆሮ አለ፣ ከሥሩ እሷ በጎረቤቶቿ መሐል ኮርታ ተቀምጣለች። ያንን ፊት ላጥፋ?

እንግዶቹ ሲሄዱ የአክስቴ ልጅ ሲኒ እያጠበች “እትዬ፣ እኔም ፓስፖርት አውጥቻለሁ” አለችኝ። ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ስልኳን ከፍታ ያሳየችኝ የኔን ፎቶ ነው፤ ራውሼ ባሕር ዳር መነጽር አድርጌ ስስቅ። “እንዳንቺ ነው መሆን የምፈልገው” አለች። ያንን ፎቶ የተነሳሁት የማዳምን ውሻ ላናፍስ ወጥቼ ነው። ውሻው ፎቶው ውስጥ አልገባም።

እህቶቼ፣ ሌሊቱን ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ሰውን ላለማስጨነቅ መዋሸት ጥፋት ነው? ሁላችንም እናደርገዋለን። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የማዳም ቤት መስተዋት ረግፎ እግሬን ቆርጦኝ ነበር። እናቴ እያለቀሰች ስትደውል “እኛ ሰፈር ሩቅ ነው፣ ድምፁንም አልሰማሁ” አልኳት። እስከ ቆጵሮስ የተሰማ ፍንዳታ እኮ ነው! ያን ጊዜ ግን የዋሸሁበትን ዋጋ የከፈልኩት ራሴ ነኝ፤ ቁስሌን ብቻዬን አሰርኩ፣ እሷ እንቅልፍ አገኘች። በቡናው ላይ የተናገርኩት ግን ሌላ ነው። ያን የምትከፍለው ይቺ ሲኒ የምታጥበው ልጅ ናት። ለራሴ ዕዳ መግባት እችላለሁ። በሰው ልጅ ስም መበደር ግን ማን ፈቀደልኝ?

ደሞ ራሴን መረመርኩ። ያን ያህል የደበቅኩት ለእናቴ ብቻ ብዬ ነው? አይደለም። አፍሬ ነው። የተቆለፈብኝ በር የኔ ውርደት ስለመሰለኝ ነው። ሥልጠናው የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ የሕግ ክፍተት የኔ ነውር እንዳልሆነ አሳየኝ።

በነጋታው ለሁለቱም ተናገርኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ደሞዝ እንዴት እንዳጣሁ፣ በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍ ነገርኳቸው። ደጉንም አልደበቅኩም፤ ቆርቆሮው የኔ ነው፣ ወንድሜም በዚያው ገንዘብ ተምሯል። ክፉውን ብቻ መንገርም ግማሽ እውነት ነው።

ልጅቷ “ታዲያ አትሂጂ ማለትሽ ነው?” አለችኝ። እኔ ሄጄ እሷን አትሂጂ የማለት መብት አለኝ? አላልኳትም። ያልኳት ይሄን ነው፦ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ እንጂ በደላላ አትሂጂ፤ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ፤ የፓስፖርትሽንና የውልሽን ቅጂ እናትሽ ጋር ተዪ፤ ስልክሽን ሊወስዱብሽ ይችላሉና አንድ ቁጥር በቃልሽ ያዢ። እስካሁን አልወሰነችም። ብትወስንም ዓይኗን ገልጣ ነው።

እናቴ ብዙ ቆይታ ነው የተናገረችው። “ሁልጊዜ ደህና ነኝ ስትዪኝ ስጸልይልሽ ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም ነበር” አለች። እሷን አሳረፍኳት ብዬ ስኖር፣ ለካ ከጭንቀቴ አጠገብ አስወጥቻት ኖሯል። ውሸቴን ብቻዬን እከፍላለሁ ያልኩትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም።

እውነት ሁሉ በስልክ ይነገራል አልልም። ማዳም አጠገብ ቆማ፣ እናት ታማ፣ የማይነገርበት ቀን አለ። ግን “ደህና ነኝ” ከማለታችን በፊት ይሄን ማን ይከፍልበታል ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ይመስለኛል።

እኔ ተመልሼ ሥራ ከገባሁ ወር ሆኖኛል። ባለፈው እሁድ ስደውል “እማዬ፣ ዛሬ ደክሞኛል” አልኳት። “ምኑ ነው ያደከመሽ?” አለችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ነገርኳት።