የጾም አይስክሬምና የጾም ዓላማ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ወራት የሚከለከሉት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል፣ በጠቅላላው ከእንስሳት የሚገኙት ምግቦች ሲሆኑ፣ እነዚህም በአንድነት ጥሉላት ይባላሉ። ፍራፍሬ ከጥሉላት ወገን ስላልሆነ፣ ሙዝን ወይም ማንጎን አቀዝቅዞና ፈጭቶ ያለ ወተት አይስክሬም የሚመስል ጣፋጭ ማዘጋጀት የሥርዓቱን ፊደል አይጥስም፤ በዚህም ምክንያት ማቀዝቀዣና መፍጫ ባለባቸው የከተማ ቤቶች ይህ ጣፋጭ «የጾም አይስክሬም» እየተባለ ከጾም ኬክና ከጾም ማኪያቶ ጎን ቦታ ይዟል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ፊደሉ ያልከለከለው ሁሉ ከጾሙ ዓላማ ጋር ይስማማልን? የተከለከለውን ምግብ ጣዕምና ልስላሴ በተፈቀደ ነገር መልሶ ማምጣትስ ጾምን መጠበቅ ነው ወይስ ከጾም ማምለጥ?

ከመፍረድ አስቀድሞ የሚፈረድበት ነገር በምን ጠባዩ እንደሚረጋ መመልከት ይገባል። በወተት የሚሠራው አይስክሬም ልስላሴውን የሚያገኘው ከብዙ ነገሮች ኅብረት ነው፤ የወተቱ ቅባት በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ የበረዶ ቅንጣቶች ገዝፈው እንዳይያያዙ ያግዳል፣ ኬሲን የተባለው የወተት ፕሮቲን ቅባቱንና ውኃውን ያስማማል፣ ሲመታ የሚገባው አየር ያቀልለዋል፣ ስኳሩ ደግሞ ውኃው በረዶ የሚሆንበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ ውኃው በሙሉ ወደ ደረቅ በረዶ እንዳይለወጥ ይከላከላል። ሙዝና ማንጎ ኬሲን የላቸውም፣ ቅባታቸውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ነገር ግን የበሰለ ፍሬ የራሱ ስኳር አለው፤ በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥም ፔክቲን የሚባል፣ ማርማላታን የሚያረጋው አጣባቂ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ስለዚህ በአግባቡ ከተፈጨ የወተት እገዛ ሳያስፈልገው ይለሰልሳል።

ለዚህ ሥራ ሙዝ ከሁሉም ይመቻል። የሚመረጠው ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የወጣበት፣ በጣት ሲነኩት ለስለስ የሚል ሙዝ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሌላ ስኳር መጨመር አያሻም። ሙዙ ተልጦ በስሱ ይከተፋል፤ ቁራጮቹ እንዳይጣበቁ ተራርቀው በትሪ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥም ያድራሉ። በማግስቱ ወደ መፍጫው ሲገቡ በመጀመሪያ እየተንኳኩ ይሰባበራሉ፣ ቀጥሎ ደረቅ ፍርፋሪ ይሆናሉ፣ ከዚያም ጓጉለው በዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ብዙ ሰው ሥራው የተበላሸ መስሎት ውኃ የሚጨምረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ውኃው ግን ኋላ በረዶ ሆኖ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ሻካራ ነገር ያደርገዋል። መፍጫውን አቁሞ፣ የተለጠፈውን በማንኪያ ጠርጎ፣ ደግሞ ማስነሣት ብቻ ይበቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ፍርፋሪው በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ ወደ ለስላሳ ክሬም ይለወጣል። ማንጎም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የውኃው መጠን ከሙዝ ስለሚበልጥ ግን ጥቂት ሙዝ ቢቀላቀልበት ይሻላል፤ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲልበት ደግሞ ሙዙ አይጠቁርም፣ ጣፋጭነቱም አይሰለችም። ቅባት ስለሌለው ተመልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ በጣም ይጠጥራል፤ ስለዚህ ለዕለቱ ማዕድ ተሠርቶ ወዲያው የሚበላ እንጂ ተከማችቶ የሚቆይ ምግብ አይደለም።

ከዚህ አሠራር ለክርክሩ የሚጠቅም አንድ ነገር ይገኛል። በሙዝና በማንጎ ብቻ የተሠራው ጣፋጭ ልስላሴው የፍሬው የራሱ ጠባይ ነው፤ ወተትን ለመምሰል የተጨመረበት ነገር የለም። በሌላ በኩል በኮኮናት ቅባት፣ በአኩሪ አተር ወተትና በቫኒላ ተዘጋጅቶ ከወተት አይስክሬም እንዳይለይ ተደርጎ የሚሠራ ጣፋጭ አለ፤ የዚህ ዓላማ የተተወው ነገር እንዳልተተወ ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሁለቱም በፊደል የተፈቀዱ ቢሆኑም በዓላማ ይለያያሉ።

በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፃዊው ክርስቲያን ሊቅ በኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ ጾም በሕግ በተወሰነ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ይህ የሚደረገው ሕግን ለሠራው አምላክ በመታዘዝ፣ የኃጢአትን ሥርየት ለማግኘትና የፍትወትን ኃይል አድክሞ ሥጋን ለነባቢት ነፍስ ለማስገዛት እንደ ሆነ ያመለክታል፤ ነባቢት ነፍስ የሚባለው የሰው የማሰብና የመናገር ባሕርይ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ መታዘዝና ፍትወትን ማድከም ጎን ለጎን ቆመዋል። ወተት ያልነካው ጣፋጭ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን ማሟላቱ ግን እንደ አበላሉ ነው። ምእመናን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታን 15 ቀን፣ ጾመ ነነዌን 3 ቀን፣ ከዚህም በተጨማሪ ረቡዕንና ዓርብን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም ሲጾሙ፣ የጾሙ ቀናት ድምር የዓመቱን እኩሌታ ያህላል። የዓመቱን እኩሌታ የሚሸፍን ሥርዓት ዓላማው ከተሳተ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህም ጉዳዩ የወጥ ቤት ወሬ ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም።

ተመሳሳይ ነገርን በመፍቀድ በኩል የሚጠቀሰው ጠንካራ ክርክር የሚገኘው ሥጋና ወተትን አቀላቅሎ መብላትን በሚከለክለው በአይሁድ ሕግ ነው። በታልሙድ፣ ሑሊን በተባለው ክፍል፣ ያልታ የተባለች ሴት ለባሏ ለራቭ ናሕማን እግዚአብሔር ለከለከለው ነገር ሁሉ ጣዕሙን የሚመስል የተፈቀደ ነገር እንደ ሰጠ ዘርዝራ ካስረዳች በኋላ፣ ሥጋና ወተት በአንድነት መብላት እንደ ተመኘች ትነግረዋለች፤ እርሱም የተጠበሰ የላም ጡት እንዲሰጧት ያዝዛል። በ16ኛው መቶ ዘመን የክራኮው ራቢ ሙሴ ኢሴርልስ ሹልሐን ዓሩኽ በተባለው የሕግ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ማብራሪያ፣ ሥጋን ከለውዝ ወገን ከሆነው ከአልመንድ በተሠራ ወተት የሚበላ ሰው ያየው ሁሉ ሕግ የተላለፈ እንዳይመስለው ፍሬውን ከወተቱ አጠገብ እንዲያኖር ይመክራል። ዛሬም በእስራኤል ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ፓርቬ ይባላል፤ ከሥጋ ማዕድ በኋላ የቀዘቀዘ የፍራፍሬ ጣፋጭ የሚቀርበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ክርክር ውብ ነው፤ ነገር ግን ወደ ጾም እንዳለ ሊዛወር አይችልም። የሥጋና የወተት ሕግ የመለየት ሕግ ነው፤ ሁለት ነገሮች እንዳይቀላቀሉ ያዝዛል እንጂ ሰው እንዲጎድልበት አይሻም፤ ስለዚህ ምትክ መፈለግ ሕጉን አይነካውም። ጾም ግን የመታቀብ ሕግ ነው፤ ለጊዜው የሚተወው ነገር መልካም መሆኑ ታውቆ፣ ርኩስ ሳይባል፣ ጉድለቱ በሰውነት እንዲሰማ ታስቦ ይተዋል። ምትኩ ጉድለቱን ፈጽሞ ከደፈነው ሕጉ የተሠራለት ምክንያት ይጠፋል።

ይህን አደጋ አስቀድሞ በግልጽ ያሳየው የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነው። ማኒያውያን የሚባሉት፣ ቁሳዊው ዓለም ከክፉ ኃይል ጋር የተቀላቀለ ነው ብለው የሚያስተምሩት ወገኖች፣ ሥጋና ወይን ባለመንካታቸው ይመኩ ነበርና፣ እርሱ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፈባቸው መጽሐፍ ሁለት ሰዎችን ያነጻጽራል፤ አንደኛው በቀን አንድ ጊዜ አትክልቱን በጥቂት የአሳማ ስብ አጣፍጦ የሚበላና ያም የሚበቃው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ሥጋ ሳይነካ በቅመም የተሠሩ ውድ አትክልቶችን፣ የተመረጡ ፍራፍሬዎችንና ጣፋጭ ጭማቂዎችን የሚያግበሰብስ ነው። የትኛው ራሱን እንደ ገዛ መፍረድ ለማንም አያዳግትም። በዐቢይ ጾም ስብከቶቹም አውግስጢኖስ ደስታን በመቀነስ ፈንታ በሌላ ደስታ የሚለውጡትን ክርስቲያኖች ወቅሷል። ከቅዳሴያቱ አንዱ በስሙ የሚጠራለት ታላቁ ባስልዮስም ስለ ጾም ባስተማረው ትምህርት፣ ሥጋ ሳይበሉ ወንድምን በክፋት መብላት ጾም እንደማይባል አስጠንቅቋል።

የእነዚህ አባቶች ተግሣጽ እውነት ቢሆንም፣ ከእርሱ ተነሥቶ ጣፋጭነት ራሱ ከጾም ጋር ይጋጫል ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ስሕተት ነው። ምግብን በመጸየፍ መጾም በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የተወገዘ ነገር ሲሆን፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤ ሥጋ በእምነት የሚበላውን ሰው ተስፋ የለውም ብለው የሚኮንኑትን አውግዟል። የኢትዮጵያ የጾም ማዕድም መራራ ሆኖ አያውቅም። ሱፍ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦና ተጠልሎ ነጭ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ሲወጣው እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ተልባም በተመሳሳይ መንገድ ይዘጋጃል፤ ስልጆ ለዐቢይ ጾም ተብሎ ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል። መፍጫና ማቀዝቀዣ ሳይታወቁ እናቶች የቅቤውን ቦታ የቅባት እህል እያስያዙ ለቤተ ሰብ የሚጣፍጥ ነገር ያቀርቡ ነበር፤ ይህን የሙያና የፍቅር ሥራ ጾምን እንደ ማፍረስ የቆጠረው አልነበረም። የቀዘቀዘው ሙዝም ከዚህ ወገን ሊቆጠር ይችላል።

እንግዲህ መለያው ከጣዕሙ ላይ የለም፤ ያለው ጉድለቱ ቀርቷል ወይስ ተደፍኗል በሚለው ላይ ነው። በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ሽሮውን በልቶ፣ በሰንበት ቀን ደግሞ ከቤተ ሰቡ ጋር አንድ ስኒ የቀዘቀዘ ማንጎ የሚቀምስ ሰው ከጾሙ አልወጣም፤ ሥጋው ወተትና ቅቤ እንደ ተለዩት ያውቃል፣ ይጠብቃልም። ለማኪያቶው ምትክ፣ ለኬኩ ምትክ፣ ለአይብና ለአይስክሬሙ ምትክ አዘጋጅቶ 55ቱን ቀን ከፍስኩ ወራት ሳይለይ የሚያሳልፈው ግን የሚበላውን ዝርዝር ለወጠ እንጂ ፍላጎቱን ለአንድ ቀን እንኳ እንቢ አላለውም። በመካከል ብዙ ደረጃ አለ፤ ለሕመምተኛ፣ ለአረጋዊ፣ ጾምን ገና በመልመድ ላይ ላለ ሕፃን፣ እንዲሁም በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ትምህርት ቤት ከጓደኞቹ መካከል ብቻውን ለሚጾም ልጅ እንዲህ ያለው ጣፋጭ ድጋፍ ነው፤ ለእነርሱ መከልከሉም ጭካኔ ይሆናል። ለጤነኛና ለአዋቂ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ግን ከዚህ የጠበቀ መሆን አለበት።

ከጉድለቱ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋው ነገር ሲሆን፣ በከተማ የጾም ምግብ ዙሪያ በሚደረገው ውይይት እጅግ ተዘንግቶ የሚገኘውም ይኸው ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን በሮም የተጻፈውና በግእዝም የሚገኘው ኖላዊ የተባለው የሄርማስ መጽሐፍ በአምስተኛው ምሳሌው፣ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቀምሶ፣ ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስቦ፣ ገንዘቡን ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዝዛል። በዚህ ትምህርት መሠረት ጾም ሒሳብ አለው፤ ከአንዱ ማዕድ የተቀነሰው ወደ ሌላው ማዕድ ይሻገራል። ምትክ ምግብ ከዋናው ከተወደደ የሚሻገር ነገር አይኖርም፤ ጾሙም በጾመኛው ቤት ተጀምሮ በዚያው ቤት ያልቃል፤ ወተትና ሥጋ ዓመቱን ሙሉ የማያገኘው ጎረቤትም ጾሙ መግባቱንና መውጣቱን የሚያውቀው በደወል ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በመጪው ዐቢይ ጾም ይህን ጣፋጭ ለማዘጋጀት ያሰበ ቤተ ሰብ የሙዙን፣ የማንጎውንና የሌላውን የጾም አስቤዛ ዋጋ በፍስክ ሳምንት ለሥጋ፣ ለወተትና ለቅቤ ከሚያወጣው ጋር ያስተያይ፤ የተረፈውንም ጾሙ ሳይፈታ ለሚያስፈልገው ሰው ይስጥ፤ ምንም ያልተረፈ እንደ ሆነ ጣፋጩን አስቀርቶ ዋጋውን ይስጥ።