«ስፈልግ አቆማለሁ»

ቀፊራ ገበያ፣ ጫት ከሚሸጥበት አጠገብ፣ «ስፈልግ አቆማለሁ» ሲባል ያልሰማ የድሬ ሰው የለም። በበርጫ ሰዓት አዋቂውም ይለዋል። እንግሊዛዊው ሜልቪን በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው «ጀንክ» በተባለው ልብ ወለድ፣ ከቤት ኮብልለው ሄሮይን የጀመሩ ልጆችም እንዲሁ ያስባሉ። ደራሲው አይገስጽም፤ በየተራ ራሳቸው ይናገራሉ። ጫትና ሄሮይን በእርግጥ አንድ አይደሉም፤ ራስን ማታለያው ግን ያው ነው።

ምክር ሲሰጠን «ይሄ ለሌላው ነው» ብለን እናልፋለን። ልብ ወለድ ግን የልጁን ሰበብ አምነን እንድንከተል ያደርገንና ኋላ መዘዙን ያሳየናል። ታዲያ ይህን ያነበበ ሰው ጥላ ሥር የተጋደመውን ጎረምሳ «ሱሰኛ» ብሎ እንዴት ያልፈዋል? ከንፈር መምጠጥ ብቻውን ግን ለውጥ አይባልም። ስሙን ይጠይቀው። የራሱንም «ስፈልግ» እስቲ «መቼ?» ይበለው።