ለሁሉ እኩል መስጠት ፍትሕ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለሁለት እንግዶች እኩል ቆሎ ብታቀርቡና አንደኛው ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ቢሆኑ፥ «እኔ አላዳላሁም» ማለት ትችላላችሁን?

በአሜሪካ አገር በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ይህን የመሰለ ነገር ደርሶ ነበር። ከቻይና ቤተሰብ የተወለዱ፥ እንግሊዝኛ የማያውቁ 1,800 ያህል ተማሪዎች ከሌሎች ልጆች ጋር ያንኑ መጽሐፍ ይዘው ያንኑ መምህር ያዳምጡ ነበር። ቋንቋውን የሚያስይዛቸው ልዩ ትምህርት ግን አልተሰጣቸውም። ክስ በቀረበ ጊዜ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፥ ተማሪ ሁሉ ከቤቱ የየራሱን ብልጫና ጉድለት ይዞ ስለሚመጣ ትምህርት ቤቱ አይጠየቅበትም አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ሻረው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን፥ በዘር፥ በቀለምና በትውልድ አገር ማዳላትን የሚከለክለውን ሕግ መሠረት አድርጎ፥ ለማይሰማው ልጅ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ ፈረደ።

እውነቱን ለመናገር፥ የይግባኝ ዳኞቹ አሳብ በመጀመሪያ ትክክል መስሎኝ ነበር። እኔም በሕፃናት ክፍል እንዲሁ አደርግ ነበርና። ከገጠር የመጣ፥ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር አንድ ልጅ ነበረን። ስጠይቀው ዝም ይላል። ከስሙ አጠገብ «አያጠናም» ብዬ ጻፍሁበት። አንድ ቀን ጓደኛው ጥያቄዬን በኦሮምኛ ቢነግረው፥ የዮሴፍን ታሪክ ከጉድጓዱ ጀምሮ እስከ ግብፅ ድረስ አንድ ሳያስቀር ተረከው፤ ጓደኛው ለእኔ እየተረጎመ። በዚያች ሰዓት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው መምህሩ ነበረ! ጽሑፌን በእርሳስ በመጻፌ ተመስገን ብዬ አጠፋሁት።

«በየቋንቋው ይሁን ከተባለ አንድነታችን ይላላል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸውን አልንቀውም። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እንመልከት። የጽርዕ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች፥ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እርዳታ ስለ ተረሱባቸው ባጉረመረሙ ጊዜ፥ ሐዋርያት ዝም በሉ አላሏቸውም፤ ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ። የሰባቱም ስም የጽርዕ ስም ነው። አገልግሎቱ የተረሱትን በቋንቋቸው ለሚያውቁ ሰዎች የተሰጠ ይመስለኛል። ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትከፈል አናይም፤ በዚያው ምዕራፍ የደቀ መዛሙርት ቁጥር ሲበዛ እናያለን።

በክፍላችን አሁን ኦሮምኛ የምታውቅ አንዲት እኅት አብራኝ ታስተምራለች። እኔም ጥቂት ጥቂት እየለመድሁ ነው፤ አነጋገሬ ልጆቹን በጣም ያስቃቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።