በሰው ስም የተወሰደ ምርቃት

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ላይ ያለው የይስሐቅ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ብኩርና ነው። ታሪኩ ግን አንድ ሰው የሌላውን ማንነት ለብሶ የሌላውን ድርሻ እንዴት እንደሚወስድም ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ታናሹ ልጅ ታላቁን ኤሳውን ለመምሰል የእሱን ልብስና የፍየል ቆዳ ለብሶ፣ መብል ይዞ ምርቃቱን ሊወስድ ወደ አባቱ ገባ። ይስሐቅ ዓይኑ ፈዘዘ እንጂ ቸልተኛ አልነበረም። አደኑ እንዴት እንዲህ ፈጥኖ እንደቀና ጠየቀ፤ ድምፁ የታናሹ መስሎት ተጠራጠረ፤ አስጠግቶ ዳሰሰ፤ በእርግጥ ታላቁ ልጁ መሆኑን ደግሞ ጠየቀ፤ በመጨረሻም ልብሱን አሸተተ። ይህን ሁሉ አጣርቶም ተታለለ። የፍየሉ ቆዳ፣ ልብሱ፣ መብሉና መልሱ ሁሉ የመጡት ከአንድ ሰው፣ ያውም ከሚጠረጠረው ሰው እጅ ነበርና። ከደጅ አንድ አገልጋይ ጠርቶ «ይህ የቆመው ማን ነው?» ብሎ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ኤሳው ከአደን ሲመለስ ምርቃቱ ሄዷል፤ አባት ቢንቀጠቀጥም ሊመልሰው አልቻለም።

ቡሬ ላይ በርበሬ የምትነግድ አንዲት ሴት እናስብ። ስልኳ ይጠራል። «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። ፋይዳዎን ከሂሳብዎ ጋር ላስተሳስርልዎ ነውና አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።» ቁጥሩ በእርግጥ ይደርሳታል፤ የላከውም እውነተኛው ባንክ ነው። የላከው ግን ደዋዩ በራሱ ስልክ የእሷን ሂሳብ ለመክፈት ስለሞከረ ነው። የጎደለችው ያቺ ቁጥር ብቻ ነበረች፤ እውነተኛው መልእክት ለሐሰተኛው ሰው ምስክር ሆኖ ቆመ። በቴሌግራምም መንገዱ ያው ነው። የመግቢያ ቁጥሯን ያገኘ ሰው በእሷ ስምና ፎቶ ገብቶ አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ፣ ቤይሩት ላለች እህቷ «ቸግሮኛል፤ በዚህ ቁጥር ላኩልኝ፤ ነገ እመልሳለሁ» ይላል። እነሱም ይልካሉ፤ የጠየቀቻቸው እሷ ናታ።

በዚህ በቴሌግራሙ ስርቆት የተሰረቀው ማን ነው? ነጋዴዋ አንድ ብር ላይጎድልባት ይችላል። ገንዘቡ የሄደው ከወንድሟና ከእህቷ ሲሆን፣ የሄደውም ለእሷ ባላቸው እምነት ነው። ስለዚህ ስሜ የግል ንብረቴ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ አያስኬድም። ስሜ ሰዎች እኔን ያመኑበት፣ እኔም የያዝኩላቸው አደራ ነው። በስሜ ዕቁብ ይጣልልኛል፣ ዱቤ ይሰጠኛል፣ ዋስ እሆናለሁ። የይለፍ ቃልን መጠበቅም ለራስ ከመሳሳት ይልቅ ለባልንጀራ የሚከፈል ዕዳ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሐሳብ አገሩ እንግዳ አይደለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚወጣው የክርስትና ስም በገጠር ለማንም መንገደኛ አይነገርም። የንስሐ አባት ያውቀዋል፤ ቄሱ በጸሎትና በፍትሐት ይጠሩታል። ሌላው ሰው በዓለም ስሙ ይጠራዋል። ጠንቋይ የክርስትና ስምንና የእናትን ስም ይጠይቃል ስለሚባልም ብዙዎች ይሸሽጉታል። በጥንቆላው ኃይል ማመን አያስፈልግም፤ በውጭ አገር ባንኮችም የእናትን የቤተሰብ ስም ለረጅም ዘመን እንደ ምስጢር ማረጋገጫ ሲጠይቁ ኖረዋል። ቁም ነገሩ የክርስትና ስሙን ያልነገረን ሰው «ጎረቤቱን ጠላ» ያለው አለመኖሩ ነው።

ታዲያ ጥንቃቄ እምነት ማጉደል ነው የሚል ክርክር ይነሳል። አንዱ «የታዘዘ አይቀርም፤ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነው» ይላል። ይህን የሚል ሰው ግን ማታ በሩን ይቀረቅራል፤ መቀርቀሩንም ክህደት አይለውም። ሌላው በተቃራኒው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ማንንም ላለማመን ይወስናል። ይህም ልክ አይመስለኝም። ደቦና ወንፈል፣ ዕድርና ዕቁብ በመጠራጠር አይቆሙም። ነገር ግን በብድርም በመሬትም ጉዳይ አባቶቻችን ዋስና እማኝ አቁመው ነው የተማመኑት፤ እማኝ የተጠራበት ሰውም አልተሰደበም። ስልኩ ያጎደለው ይህን ሦስተኛ ሰው ነው። ገንዘብ የጠየቀ ወንድምን በጽሑፍ ከመመለስ በሚታወቀው ቁጥሩ ደውሎ ድምፁን መስማት፣ «ከባንክ ነኝ» ያለውን ዘግቶ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት፣ ሁሉም እማኝ መጥራት ነው። ይስሐቅ ያላደረገው ይህን ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ይህ ክርክር ጥፋቱን በተዘረፈው ላይ ይጭናል የሚለው ነው። ጥፋቱ የሌባው ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን በወንጀል ያስቀጣል። አደራ ደግሞ በዕውቀትና በአቅም ልክ ይከብዳል። ለዲጂታል መታወቂያው ለፋይዳ የ10 ጣቶቻችንን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቻችንን አይሪስና የፊታችንን ምስል ሰጥተናል። የወጣ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የወጣ አሻራ ግን ዕድሜ ልክ አይቀየርም። ስለዚህ መረጃውን የያዘው ተቋም ኃላፊነት ከማናችንም ኃላፊነት እጅግ ይበልጣል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ ፈረስ ቤትም ሆነ ፍኖተ ሰላም አሻራውን የሰጠ ሰው መረጃው ማን እጅ እንዳለ የመጠየቅ ሙሉ ምክንያት አለው።

ከተቋሙ ቀጥሎ ያለው ባለአደራ ቤት ውስጥ ነው። ማታለል ከቤትም ሊነሳ ይችላልና፤ የይስሐቅን ታናሽ ልጅ ቆዳ ያለበሰችው የገዛ እናቱ ነበረች። ፊደል ያልቆጠሩ የደጋ ዳሞት እናት የሞባይል ገንዘባቸውን ምስጢር ቁጥር ለልጅ ልጃቸው ወይም ለባለሱቁ ቢነግሩ የሚወቀሱ አይደሉም፤ ሌላ መንገድ የሰጣቸው የለም። ልጁ ግን በእሳቸው ፊት ብቻ ሊከፍት፣ ስንት ወጥቶ ስንት እንደቀረ ጮክ ብሎ ሊያነብላቸው፣ ቁጥሩንም በጣታቸው አቀማመጥ ራሳቸው እስኪነኩት ድረስ ሊያስለምዳቸው ይገባል። ባንኩ ደግሞ በሚገባቸው አማርኛ፣ በድምፅ የሚያስረዳ አገልግሎት ሊያቀርብላቸው ይገባል፤ ገንዘባቸውን የሚይዘው ማንበብ እንደማይችሉ እያወቀ ነውና።