ስለ ገደብና የይቅርታ ባለቤት የተደረገ ሐተታ

ታናሽ ወንድሜን በጭነት መኪና ገጭቶ የገደለው ሾፌር ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ግን በሦስት ዓመት ገደብ ታግዶለት፣ እኛ ከችሎቱ ግቢ ሳንወጣ ነጻ ሆኖ ሲሄድ ባየሁ ጊዜ፣ ፍርድ የሚሉት ነገር ምን እንደ ሆነ ጠፋብኝ።

የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደነገገውን፣ የ1996ቱም የወንጀል ሕግ ያጸናውን ይህን የገደብ ሥርዓት መረመርሁ። ዳኛው ጥፋተኛው ሳይታሰር ይታረማል ብሎ ሲያምን የወሰነውን ቅጣት ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ለሚደርስ የፈተና ጊዜ ያግዳል፤ ተቀጪውም በመልካም ጠባይ ሊኖር፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ሊክስ ግዴታ ይገባል። እስራት ሙት እንደማያስነሣ፣ ወኅኒ ደጃፍ ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትም ያልበደሉ ሚስቶችና እናቶች እንደ ሆኑ ግልጽ ነውና በዚህ አልዘገይም። የሚያውከኝ ሌላ ነው፤ ተበዳዮቹ እኛ ሳለን ዳኛው የማንን ምሕረት ሰጠ?

በልጅነቴ ይህን የመሰለ ጥያቄ ለፍትሐ ነገሥት መምህሬ ባቀርብ መልሱ አለንጋ ነበር፤ ምሕረት የእግዚአብሔርና የንጉሥ ናት፣ ለተበዳይ ልቅሶ ይበቃዋል እያለ ያሳደገን እርሱ ነው፤ እስከ ዛሬም አዝንበታለሁ። ያልተማረው የአገር ልማድ እንኳ ከእርሱ ይልቅ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ሲሰጥ ደም መመለሱም፣ የደም ዋጋ ተቀብሎ መታረቁም በወገኑ ፈቃድ ነበርና። መንግሥት በቀልን ከእጃችን መውሰዱ መልካም ነው፤ ያለዚያ ደም ደምን እየጠራ ትውልድ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በቀልን ሲወስድ ይቅርታንም አብሮ ወሰደብን።

ገደብ ቅጣትን ማገድ እንጂ ምሕረት አይደለም ቢሉኝ፣ ለሟች እናት ልዩነቱ አይታይም እላለሁ። የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ ፈቃዳችን ቢጠየቅ፣ ቂመኛ ወገን የገጠመው ይታሰራል፣ ርኅሩኅ ወገን የገጠመው ይፈታል፤ አንድ ጥፋት ሁለት ፍርድ ያገኛል ማለት ነው። ይህን ብዙ ሌሊት አውጥቼ አውርጄ አላፈረስሁትም። በፍርዱም ቀን የሾፌሩ እናት በግቢው ጭቃ ላይ ከእናቴ እግር ሥር ብትወድቅ፣ እናቴ ክንዷን ይዛ አነሣቻትና «ቢጠይቁኝ እኔም እምረው ነበር» አለቻት፤ እኔ ግን እምር እንደ ነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ፣ «ገደብ ይቅር» አልልም፤ ውሳኔውም ለእኛ ይሰጥ ለማለት ተቃውሞው ይከለክለኛል። ይሁን እንጂ ዳኞች ሆይ፣ ቅጣቱን ከማገዳችሁ በፊት የሟችን ወገን አቁማችሁ ስሙ፣ ቃሉንም በመዝገብ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሕሊናችሁ ፍረዱ።