«አልመልስም» ያለችው እናት

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በአርጆም ሆነ በቤጊ ለተዕዚያ ስንቀመጥ ስለ ሟች እናት የምንናገረው ይመሳሰላል። «ሀርሜ ታጋሽ ነበረች፣ እሷ ሳትበላ አበላችን» እንላለን። እውነት ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ግን የብዙ እናቶቻችን ሌላው ገጽታ አብሯቸው ይቀበራል። ቡና ገዝታ ሸጣ ልጅ ያስተማረች፣ የዘመድ ምክር ሰምታ ውሳኔውን ግን በራሷ ያደረገች፣ ሲበድሏት «አይሆንም» ያለች እናት ነበረች። ይህን ስናነሳ ድምፃችን ዝቅ ይላል። «ትንሽ ኃይለኛ ነበረች» ብለን እናልፈዋለን።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ዓይነቷን እናት እንዴት እንደያዙ እንመልከት።

ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ስሟ በረካ ነው። ትውልዷም ከዚሁ ከሐበሻ ምድር ነው። የረሱል አባት የዐብደላህ አገልጋይ ነበረች። እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱ ረሱል የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያንን ድርብ የቲም ወደ መካ ይዛ የተመለሰችው እሷ ናት። አድገው ነፃ አወጧት። ነብይ ከሆኑ በኋላም እንደ እናት ይዘይሯት ነበር።

አንድ ቀን አነስን (ረ.ዐ) አስከትለው ሊጠይቋት ሄዱ። የሚጠጣ አቀረበችላቸው። ጾመኛ ይሁኑ ወይም ሳያሰኛቸው ቀርቶ፣ አልጠጡም። እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። የአላህን መልእክተኛ! እሳቸው ግን እናት ልጇን ስትቆጣ እንደሚሰማ ልጅ ሰሟት።

ከዚህ የሚበልጠውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የመዲና አንሷሮች ከተምር ዛፎቻቸው ለረሱል ይሰጡ ነበር። ከበኒ ቁረይዛና ከበኒ ነዲር በኋላ ኑሮ ሲቃና፣ ረሱል ለየባለቤቱ መመለስ ጀመሩ። የአነስ ቤተሰቦችም የእነሱን እንዲጠይቅ አነስን ላኩት። ዛፎቹ ግን ለኡሙ አይመን ተሰጥተው ነበር። እሷም መጥታ በአነስ አንገት ላይ ልብስ አደረገችና፣ ለእኔ የተሰጠኝን ለእናንተ አይሰጧችሁም ብላ በአላህ ማለች። ረሱል በምትኩ ይህን ያህል ልስጥሽ አሏት። አልመልስም አለች። ጨመሩላት፤ አሁንም እምቢ አለች። እየጨመሩ ሄደው አሥር እጥፍ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሰጧት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዑለማዎች እንዳብራሩት ዛፎቹ የተሰጧት ፍሬውን እንድትጠቀም ነበር፤ እሷ ግን ለዘለቄታው የሷ የሆኑ መስሏታል። ስለዚህ የአነስ ቤተሰብ ሐቅ ነበራቸው። ረሱል የእነሱን ሐቅ አልከለከሉም። እናታቸውንም «ዝም በይ» አላሏትም፤ በሽማግሌ አላስገደዷትም፤ ከራሳቸው ከፍለው ልቧን አሳረፉ። ሐቅም ተጠበቀ፣ የእናትም ክብር ተጠበቀ።

አሁን የመዲናን ተምር በወለጋ ቡና እንተካው። አባት ሲሞት ወንድሞችና ታላላቅ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ጃርሳ ቢያ ይቀመጣል። እናት ጓዳ ናት። «እሷ ምን ታደርግበታለች? እኛ እናበላታለን» ይባላል። ከዚያ የጣት አሻራዋ ይፈለጋል። ይሉኝታ ይዟት ትፈርማለች።

ወንድሜ! በይሉኝታ የተወሰደ ስጦታ አይባልም። መጀመሪያ የራሷ ሀብት ይለያል፤ በልፋቷ ያፈራችው ውርስ ውስጥ አይገባም። ያልተከፈለ መህር ካላት ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከውርስ ይቀድማል። ከዚያ በሱረቱ ኒሳእ መሠረት ሟች ልጅ ካለው የሚስት ድርሻ 1/8 ነው። ልጁ ልጆች ትቶ የሞተባት እናትም ከልጇ ሀብት 1/6 አላት። ይህ የልጆች ችሮታ አይደለም፤ የአላህ ድንጋጌ ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ኡሙ አይመን በሂጅራ በ8ኛው ዓመት ባሏን ዘይድን ሙእታ ላይ፣ ልጇን አይመንን ሁነይን ላይ አጣች። በወለጋም ባለፉት ዓመታት ባልና ልጅ የቀበሩ እናቶች ብዙ ናቸው። የሰኔ 11 ቀን 2014ቱን የቶሌ ሐዘን ማን ይረሳል? እንዲህ ብቻዋን የቀረች እናት እርዳታችን ያስፈልጋታል። ግን ሌላ የሚወስንላት ሕፃን አይደለችም። የት እንደምትኖር፣ ምን እንደምትሸጥ፣ ማንን እንደምታገባ እሷ ትጠየቅ።

እናቱ አኺራ የሄደችበትስ? የሰዕድ ብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናት እሱ በሌለበት ሞተች። ሶደቃ ባወጣላት ይጠቅማታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ረሱል አዎ አሉት፤ የተክል ቦታውን ሶደቃ አደረገላት። ያልፈጸመችው ነዝርም ነበረባት፤ እንዲፈጽምላት አዘዙት። አስተውሉ! በሕይወት ሳለች የቆረጠችው ነገር ከሞተች በኋላም ተከበረ።

ስለዚህ ዛሬ ጁሙዐ ሦስት ነገር እናድርግ። እናቱ በሕይወት ያለች፣ ለእሷ የወሰነላትን አንድ ጉዳይ ወስዶ ይጠይቃት፤ መልሷ ባይጥመውም ይስማት። የእናቱ ወይም የእህቱ ድርሻ በእጁ ያለ፣ ቡናው ሳይለቀም ይመልስ። እናቱ የሞተችበት፣ ዕዳዋን፣ ነዝሯንና ኑዛዜዋን ይጠይቅ፤ ከዚያ ለልጆቹ ሲነግር «አልቅሳ አሳደገችን» ብቻ አይበል፤ «እምቢ ብላ አሳደገችን» ይበል።

ያ አላህ! እናቶቻችንን ማራቸው፤ በሕፃንነታችን እንዳዘኑልን እዘንላቸው። በሕይወት ያሉትን ዕድሜና ጤና ስጣቸው፤ ሐቃቸውን የምንጠብቅ አድርገን። ለወለጋና ለአገራችን ሁሉ ሰላም አውርድ። አሚን።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ከህፍንም አንርሳ።